አርዘ ሊባኖስ ወደ ሰማይ

ቤይሩት ሲባል ምን ይታያችኋል? እኛ እርስ በርስ ተጠያይቀን ያገኘነው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሰፈራችን ልጅ የሄደችበት አገር። በየወሩ የሚላክ ገንዘብ፣ ከዚያ ድንገት የሚጠፋ ስልክ። በጃንዋሪ 2010 ከቤይሩት ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ የወደቀው የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላናችን። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ አውርደዋቸው የሄዱት እህቶቻችን። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ ወደቡን አውድሞ ከተማዋን ያራገፋት ፍንዳታ።

ሮኬት ያለን ሰው አልነበረም። ቢኖር እንኳ “ሚሳይል ማለቱ ነው” ብለን እናልፈው ነበር።

ይሁንና አንድ ቴምብር አለ። ያሳተመው የሊባኖስ መንግሥት ነው። በላዩ ላይ የተሣለው ወደ ሰማይ የሚምዘገዘግ ሮኬት ነው። ሮኬቱን ማን ሠራው ቢሉ ጦር ሠራዊቱ ብቻውን አልሠራውም፤ ከሩሲያም ከአሜሪካም አልተገዛም። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ትንሽ ኮሌጅ የተማሪዎች ክበብ ውስጥ ነው። ስሙም “አርዝ” ይባላል። በዐረብኛ አርዝ ማለት ሌላ ነገር አይደለም፤ ዳዊት ደጋሚ አያቶቻችን “አርዘ ሊባኖስ” የሚሉት፣ የሊባኖስ ባንዲራ መሐል ላይ የቆመው ያ ዛፍ ነው። ቋንቋችን ዛፉን ካወቀው ሺህ ዓመት አልፎታል። ዛፉ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ መወንጨፉን ግን እኛም የሰማነው በቅርቡ ነው።

የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ሮኬት፣ ይልቁንም ስለሠራው ክበብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢየሩሳሌም የመጣው መምህር

የክበቡ መሥራች ማኑግ ማኑጊያን ይባላል። አርመናዊ ነው፤ የተወለደው በኢየሩሳሌም ነው። የኢየሩሳሌም አርመኖች ለእኛ ባዕድ አይደሉም። በ1924 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አልፈው፣ ከዘር ጭፍጨፋ የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸውን ታሪክ ያስታውሳል። “አርባ ልጆች” ያልናቸው እነዚያ የነሐስ ሙዚቀኞቻችን ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያው ጥፋት የተረፉ ሌሎች አርመኖች ሶርያና ሊባኖስ ሰፈሩ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፤ በ1955 ደግሞ የአርመን ወንጌላውያን ማኅበረሰብ ቤይሩት ላይ ሀይጋዚያን የሚባል ኮሌጅ ከፈተ። አዲስ አበባ መለከት ይዘው የመጡትና ቤይሩት ላይ ሮኬት የሠሩት ከአንድ ስደት የተቀዱ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ማኑግ በልጅነቱ የዡል ቬርንን የጨረቃ ጉዞ ልብ ወለድ አንብቦ ልቡ ሰማይ ቤት የቀረ ልጅ ነበር። አድጎ ቴክሳስ ሄዶ ተማረ። ተመልሶ ሀይጋዚያን ውስጥ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሲሆን ዕድሜው ገና 25 ዓመት ገደማ ነበር። (አንቱ ልንለው የሚገባን ሰው መሆኑን አልዘነጋንም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የእኛ እኩያ ነበርና ለጊዜው “አንተ” እያልነው እንቀጥላለን። አንቱታው ከዕድሜው ጋር ይመጣል።)

ዘመኑን አስቡት። ሶቪየቶች በኦክቶበር 1957 ስፑትኒክን ሰማይ ላይ ሰቅለዋል። አሜሪካኖች በድንጋጤ ይሯሯጣሉ። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ቀና ብለው ያያሉ። በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን መንደር የሚኖሩ የሠራተኛ ልጆች እንኳ በዚያው ሰሞን በቱቦ ሮኬት ሲሠሩ ነበር፤ አንደኛው፣ ሆመር ሂካም፣ አድጎ የናሳ መሐንዲስ ሆኗል። ማኑግ ይህን ስሜት ወደ ክፍል ይዞት ገባ። በ1960 መገባደጃ የኮሌጁን የሮኬት ክበብ ሲመሠርት የተከተሉት ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ። ኮሌጁ የምሕንድስና ፋኩልቲ የለውም። ሊባኖስም የጠፈር መሥሪያ ቤት የላትም። የነበረው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ መምህር ነው።

የሒሳብ መምህሩ ሐሳብ ግን ቀላል ነበር። ቀመርን በሰሌዳ ላይ የጻፈ ተማሪ ፈተና ያልፋል፤ ቀመርን በብረት የሠራ ተማሪ ግን ያውቀዋል።

ዚንክና ድኝ

ሮኬት ሲያዩት ከባድ ይመስላል እንጂ መነሻው ተራ ነገር ነው። አንድ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ አለ፤ በሌላው ጫፍ ጠበብ ያለ የጭስ መውጫ አለው፤ በውስጡ የሚነድ ነገር ይጠቀጠቃል። የሚነደው ነገር ጋዙን በጠባቡ አፍ በኃይል ወደ ኋላ ሲተፋው ቱቦው ወደ ፊት ይገፋል። ፊኛ ነፍታችሁ አፏን ሳታስሩ የለቀቃችኋት ዕለት ሮኬት ሠርታችኋል ማለት ነው።

ጣጣው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ፊኛዋ ክፍሉን እየዞረች ታናፋለች እንጂ ቀጥ ብላ አትሄድም። ሮኬት ቀጥ እንዲል ክብደቱ ወደ አፍንጫው፣ ነፋስ የሚገፋው ገጹ ደግሞ ወደ ጅራቱ መሆን አለበት፤ ክንፎቹ ከኋላ የሚተከሉት ለዚህ ነው። ክንፎቹ የሚሠሩት ደግሞ ሮኬቱ ከፈጠነ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ሲነሣ፣ ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ፣ የሚመራው ሐዲድ ወይም ማስወንጨፊያ ያስፈልገዋል። ማስወንጨፊያው ከተንጋደደ ሁሉ ነገር ይንጋደዳል።

ነዳጁም ሌላ ራስ ምታት ነው። የሀይጋዚያን ልጆች የጀመሩት በዚያ ዘመን የአማተሮች መነሻ በነበረው በዚንክ ዱቄትና በድኝ ነበር። ርካሽ ነው፤ ይገኛል፤ ነገር ግን አመለ ቢስ ነው። አንዳንዴ ብው ብሎ በአንዴ ያልቃል፤ አንዳንዴ ቱቦውን ይቀደዋል። ወጪው በአብዛኛው ከመምህሩ ደሞዝና ከተማሪዎቹ የኪስ ገንዘብ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ያደረጉት ተራራ ላይ፣ የግለሰብ እርሻ ላይ ነው። ከከሸፉት ሙከራዎች አንዱ እስከዛሬ ይተረካል። እዚያው የሠሩት ማስወንጨፊያ ከዳቸው፤ ሮኬቱ ወደ ሰማይ መሄዱን ትቶ ተራራውን ተያይዞት አንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሄዶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። እኛ ይህን ስናነብ የታየን የደብሩ አለቃ ነው። ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ መልእክት ነው ብለው ለሚያምኑ አባት ይህን ማስረዳት እንዴት ያለ ሥራ ይሆን ነበር!

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ልጆቹ በማግሥቱ ተመልሰው ሒሳቡን ሠሩ። ማስወንጨፊያውን አጠነከሩ፤ ድብልቁን ለወጡ። በኤፕሪል 1961 ባለ አንድ ደረጃ ሮኬታቸው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ደረሰ። በዚያው ወር፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ዩሪ ጋጋሪን መሬትን ዞሮ ተመልሷል። ከጋጋሪን ጋር ሲነጻጸር 1 ኪሎ ሜትር ምንድን ነው? ለእነሱ ግን ከዜሮ ወደ አንድ ነው፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከዜሮ ወደ አንድ ያለው መንገድ ከአንድ ወደ መቶ ካለው እንደሚረዝም አይጠፋውም። ብዙም ሳይቆዩ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርሱ ተከተሉ።

መንግሥት እጁን ሲዘረጋ

ተራራ ላይ የሚነሣ ጭስ ብዙ ጊዜ ሳይታይ አይቆይም። ጦር ሠራዊቱ መጣ።

እንደኛ አገር ልማድ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ይመስለን ነበር፤ “ማን ፈቀደላችሁ?” ይባልና ቱቦው ይወረሳል፤ መምህሩም ቃል ይሰጣል። በሊባኖስ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጦሩ የባሊስቲክ ዕውቀት የነበረውን ካፒቴን ዩሴፍ ወህቤን መደበላቸው። ሰኒን ተራራ ላይ የመድፍ መለማመጃ ሜዳውን ከፈተላቸው፤ በኋላም ከቤይሩት ሰሜን ባሕር ዳር ያለችው ድባዬ የማስወንጨፊያ ቦታቸው ሆነች። ባሕር ዳር መሆኑ ብልሃት ነው፤ ከላይ የሚመለሰው ብረት የሰው ጣሪያ ላይ ከሚወድቅ ውኃ ላይ ቢወድቅ ይሻላል። የጦሩ ወርክሾፕ ደግሞ ኮሌጁ በሕልሙም የማያየው መሣሪያ ነበረው። ፕሬዚዳንት ፉአድ ሺሃብም መጀመሪያ 10,000፣ በሚቀጥለው ዓመት 15,000 የሊባኖስ ፓውንድ ድጎማ ሰጡ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ሮኬቶቹ ከአንድ ደረጃ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት አደጉ። “ደረጃ” የምንለው ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳ። ሮኬት የሚሸከመው ትልቁ ጭነት ራሱን ነው። የመጀመሪያው ክፍል ነዳጁን ሲጨርስ ባዶ ቱቦውን መሸከም ከንቱ ድካም ነው፤ ስለዚህ ይጣላል፤ ከላይ ያለው ትንሹ ሮኬት ቀድሞ በተገኘው ፍጥነት ላይ ሆኖ ይለኮሳል። ከመርካቶ እንጦጦ ድረስ እህል ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ባዶውን ከረጢት እየጣለ ቢሄድ እንደማለት ነው። ችግሩ ሁለተኛው ክፍል መለኮስ ያለበት በትክክለኛዋ ቅጽበት መሆኑ ነው። በጣም ከቀደመ ይጋጫል፤ ከዘገየ ይንጋደዳል። ይህን ያለ ኮምፒውተር በ1962 የሠሩ የኮሌጅ ተማሪዎችን ባርኔጣ አንሥተን ብናልፍ አይበዛባቸውም።

ሕዝቡም ወደዳቸው። ማስወንጨፊያው ዕለት ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ባለሥልጣን ይመጣል፤ ቤተሰብ ይመጣል። ሃሪ ኩንዳክጂያን የሚባል ፎቶ አንሺ ካሜራውን ይዞ እየተከተለ መዘገባቸው። ይህን ስም ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

በዚሁ መሐል አንድ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ተደረገች። “የሀይጋዚያን ኮሌጅ የሮኬት ማኅበር” የነበረው “የሊባኖስ የሮኬት ማኅበር” ሆነ። የኮሌጁ ስም ወጣ፤ የአገሪቱ ስም ገባ። ኩራት ነው፤ አንክድም። ክበብ ወደ አገር ሲያድግ ማን ይጠላል? ነገር ግን ስም የባለቤትነት ወረቀት ነው። ከዚያች ቀን በኋላ “ሮኬቱ የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ መሆኑ አበቃ።

መቶ አርባ አምስት

በኖቬምበር 1963 ሊባኖስ የነጻነቷን 20ኛ ዓመት ስታከብር ባለ ሦስት ደረጃው “አርዝ 4” ተወነጨፈ። ቴምብሩ ላይ የተሣለው ይህ ነው። 145 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደረሰ ተብሎ ተጽፏል፤ በየጽሑፉም እየተቀዳ ይኸው ቁጥር ይደገማል።

ጋዜጠኝነት ስንማር የተነገረን አንድ ነገር አለ፤ በጣም የወደድከውን ቁጥር ሁለት ጊዜ መርምር። 145 ኪሎ ሜትር ማለት ብዙዎች የጠፈር ደጃፍ የሚሉትን የ100 ኪሎ ሜትር መስመር አልፎ መሄድ ነው። ንጽጽሩን እነሆ። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሮኬት ላቦራቶሪያቸውን ያቋቋሙት በ2005 ነው። ዓመት ዓመትን እየተካ፣ ሮኬት ሮኬትን እየተካ ቆይተው በኤፕሪል 2019 “ትራቭለር 4” የተባለው ሮኬታቸው ወደ 103.6 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ የጠፈርን መስመር ያለፈ የመጀመሪያው በተማሪዎች ብቻ የተሠራ ሮኬት ተብሎ ተጨበጨበለት። በኦክቶበር 2024 ደግሞ “አፍተርሾክ 2” ኔቫዳ በረሃ ላይ ተወንጭፎ 143 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ይህ ሁሉ በዘመናዊ ነዳጅ፣ በካርቦን ፋይበርና በኮምፒውተር ነው።

ታዲያ የቤይሩቶቹ በ1963 ከዚያ በላይ ወጥተው ነበር? “አልሆነም” ለማለት በእጃችን ማስረጃ የለም፤ “ሆኗል” ብለን ለመማልም ድፍረቱ የለንም። ቁጥሩን እንደ ማኅበሩ ቃል እንጂ በገለልተኛ ወገን እንደተለካ መዝገብ አንወስደውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቁጥሩን ግማሽ አድርጉት፤ ከፈለጋችሁ ሩብ አድርጉት። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የወደቀ ቱቦ ለነበራቸው ልጆች ሩቡም ተአምር ነው። የልጆቹን ትልቅነት ለማስረዳት ያልተረጋገጠ ቁጥር አያስፈልገንም። ለበዓልና ለቴምብር ግን ቁጥር ያስፈልጋል። ክበብና መንግሥት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ክበቡ የሚፈልገው ማወቅ ነው፤ መንግሥት የሚፈልገው መታየት ነው።

የቃጠሎው ዓመት

ሮኬትና ሚሳይል አንድ ዕቃ ናቸው። ልዩነታቸው አፍንጫው ላይ የሚጫነው ነገርና የሚነጣጠርበት አቅጣጫ ነው። ለመምህሩ የሮኬቱ ጥያቄ “ምን ያህል ከፍ ይላል?” የሚል ነበር። ለወታደር ደግሞ “ምን ያህል ይርቃል?” የሚል ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በ1960ዎቹ፣ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መዋጡ አይቀርም ነበር። ማኑግ የእሱ ዓላማ ሳይንስና ትምህርት ብቻ እንደነበረ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ደጋግሞ ተናግሯል። ጦሩ ግን መሣሪያውን ያዋሰው ለዡል ቬርን ፍቅር ብሎ አልነበረም።

ከዚያ አደጋው መጣ። መምህሩ በሌለበት፣ ያለ ተቆጣጣሪ ነዳጅ ሲያዘጋጁ የነበሩ ተማሪዎች በእሳት ተቃጥለው ተጎዱ። ይህን ክፍል በጥድፊያ ልናልፈው አንወድም። ስለ ክበቦችና ስለ ወጣት ድፍረት የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። ዚንክና ድኝ ለባለ ሕልሙም ለቸልተኛውም እኩል ይነዳል። ዛሬ በሌላው ዓለም ትላልቅ የአማተር ሮኬቶችን የሚያስወነጭፉ ማኅበራት አባሎቻቸውን በደረጃ ፈትነው የሚፈቅዱት፣ ነዳጁም በአብዛኛው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣው፣ ሰው ሁሉ ከማስወንጨፊያው በተለካ ርቀት የሚቆመው ከእንዲህ ዓይነቱ ጠባሳ ተምረው ነው። ሕጉ ሕልሙን ለመግደል የወጣ አይደለም፤ ባለ ሕልሙ ነገም እንዲኖር ነው።

ማኑግ በ1964 ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ቴክሳስ ተመለሰ። ማኅበሩ ያለ እሱ ጥቂት ዓመታት ገፋ፤ ቁጥሩ እስከ “አርዝ 10” ድረስ ሄደ። 1967 ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰማይ ስር “ሮኬት” የሚለው ቃል የተማሪ መሆኑ ቀረ። በ1975 ደግሞ ሊባኖስ ራሷ ለ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች።

ሣጥኖቹ

የሚገርመው ሮኬቱ መቆሙ አይደለም፤ መረሳቱ ነው። ሕዝብ ወጥቶ ያየው፣ ጋዜጣ የጻፈለት፣ ቴምብር የታተመለት ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአገሪቱ ትዝታ ተፋቀ። ጆአና ሀጂቶማስና ኻሊል ጆሬጅ የተባሉት የፊልም ባለሙያዎች ሁለቱም የተወለዱት በ1969 ነው፤ ማለትም የመጨረሻው ሮኬት ከተወነጨፈ ከሁለት ዓመት በኋላ። ያደጉት በጦርነቱ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ሲሰሙ እነሱም ማመን ከብዷቸው ነበር። ፈለጉ። ቤይሩት ውስጥ ብዙም አላገኙም።

የተገኘው አሜሪካ ነው፤ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ። ማኑግ (እነሆ አንቱታው ደረሰ፤ ፕሮፌሰር ማኑጊያን) እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የክበቡን ፎቶግራፎች፣ የፊልም ጥቅሎች፣ የጋዜጣ ቁርጥራጮች አልጣሉም። ባሕር ተሻግረው ይዘዋቸው ሄደዋል። ያ ስሙን ያዙልን ያልነው ፎቶ አንሺም ምስሎቹን ትቶ አልፏል። አንድ አገር ያጣውን ትዝታ ሁለት ሰዎች በሣጥን ጠበቁት።

ፊልሙ በ2012 ለዕይታ በቃ። ባለሙያዎቹ ከፊልሙ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር አደረጉ፤ 8 ሜትር ርዝመት ያለው የ“አርዝ 4” ምስያ አሠርተው በቤይሩት ጎዳናዎች ላይ በመኪና ጭነው አሳለፉና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሀይጋዚያን ግቢ አቆሙት። ለዚህ አጭር ጉዞ የየባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ለምን ቢሉ፣ በዚያች ከተማ ነጭ ረጅም ቱቦ በጭነት መኪና ላይ ሲያልፍ ያየ ሰው “የተማሪዎች ሥራ ነው” ብሎ አያስብም። ለእኛ የፊልሙ ትልቁ ሐዘን ያለው እዚህ ነው። ቃሉ ራሱ ተማርኳል። ሐውልቱ የቆመው ለአንድ ሮኬት ብቻ አይመስለንም፤ “ሮኬት” ሲባል ሰው የማይደነግጥበት ዘመን እንደነበረም ምስክር ነው።

ፊልሙ መጨረሻው ላይ በካርቱን የተሠራ ሕልም አለው፤ የጠፈር ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ በ2025 ቤይሩት ምን ትመስል ነበር የሚል። እውነተኛይቱ ቤይሩት ግን በ2024 መገባደጃ ደቡባዊ ሰፈሮቿ በአየር ድብደባ ሲታረሱ ነበር።

የእኛ ቁም ሣጥን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ከእኛ መካከል አንዷ የተማረችበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ነበረው። ክበቡ ቁም ሣጥን ነበረው፤ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ ዳይሬክተሩ ዘንድ ነበር። የወላጆች ቀን ሲደርስ ይከፈትና ያው የአምናው የጭቃ እሳተ ገሞራ ይወጣል። ኮምጣጤና ሶዳ ይጨመርበታል፤ አረፋው ይገነፍላል፤ ይጨበጨባል፤ ተጠርጎ ተመልሶ ይቆለፍበታል። እሳተ ገሞራው አንድ ቀን እንኳ ከሽፎ አያውቅም። መክሸፍ አይችልማ! የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ክበብ ውስጥ የተማርነው አንድ ትልቅ ትምህርት ቢኖር “እንግዳ ፊት ስህተት እንዳይፈጠር” የሚል ነው።

በዲሴምበር 2019 የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው፣ ከቻይና ምድር ስትወነጨፍ እንጦጦ ላይ ንጋት ሳይቀድማቸው ከተሰበሰቡት ሰዎች ጋር እኛም በየቤታችን በስክሪን አየናት። ደስ ብሎናል፤ አንዳንዶቻችን እንባ ተናንቆናል። ነገር ግን ከደስታው በኋላ የመጣብን ጥያቄ አለ። ቴምብሩ ላይ የሚሣለውን ነገር በብድርም በትብብርም ማግኘት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚወድቀውን ቱቦ ግን ማን ያበድረናል? ከሽፎ የተመለሰ፣ ተመልሶ ሒሳቡን የሠራ፣ እንደገና የወጣ ልጅ ከየት ይገዛል?

የሀይጋዚያን ክበብ ታሪክ ለእኛ የሚለን ይህን ይመስለናል። ክበቡ ትልቅ የነበረው 145 በተባለበት ቀን አይደለም። ትልቅ የነበረው ማንም ሳያየው፣ ተራራ ላይ፣ በኪስ ገንዘብ በተገዛ ድኝ እጁ ቢጫ ሆኖ፣ “ለምን ተንጋደደ?” ብሎ በጠየቀበት ቀን ነው። መንግሥት እጁን ሲዘረጋ ከፍታው ጨመረ፤ ባለቤቱም ተለወጠ። እጁን ሲያነሣ ደግሞ ሮኬቱም ትዝታውም አብሮ ወደቀ። የቀረው መምህሩ ያስተማረው ነገርና በሣጥን የተቀመጠው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ለምትመሩ ጓደኞቻችን ሁለት ነገር ብቻ አደራ እንበላችሁ። ቁልፉ እናንተ ዘንድ ይሁን። የሠራችሁትን፣ ይልቁንም የከሸፈባችሁን፣ ጻፉት፤ ፎቶ አንሡት፤ አስቀምጡት።

ፕሮፌሰር ማኑጊያንስ? ታምፓ ላይ ሸምግለው ሒሳብ እያስተማሩ ሳሉ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሮኬት ክበብ አቋቋሙ፤ አማካሪም ፈለጉ። የክበቡ አማካሪ ሆነው ከተማሪዎቹ ጋር የቆሙት እኚሁ ሰው ናቸው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ አርዘ ሊባኖስ በማይበቅልበት አገር፣ የሰው ልጆች ቱቦ ይዘው መጥተው “ለምን ተንጋደደ?” ሲሏቸው ከጎናቸው ቆመው አብረው ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር።